ተሸኝቼ ቀረሁ

ሐምሌ ወር ላይ፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ፣ ካፖርት ለብሶ ሳሎኑ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። እዚህ ከተማ በሐምሌ የመኪና መሪ በባዶ እጅ አይያዝም። ቆሻሻ ሊጥል ደጅ ድረስ ወጥቶ የተመለሰ ሰው ከምድጃ የወጣ ይመስላል። እኔ ግን የሰው ካፖርት ደርቤ፣ አንገቴ ላይ ሻርብ ጠምጥሜ፣ «ኧረ ብርዱስ አይጣል ነው!» እያልኩ በስልክ ሳወራ ከረምኩ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ስትሰሙ ብትስቁብኝ ይሻለኛል፤ ዝም ብላችሁ የሰማችሁኝ እንደሆነ ግን የባሰ አፍራለሁ።

ነገሩ የመጣው በሚስቴ ነው። ማለቴ… በእኔ ነው። አያችሁ? አሁንም አመሌ አልለቀቀኝም።

ሚስቴ ራሄል በልጅነቷ ስዊድን ገብታ እዚያው ያደገች ናት፤ ዜግነቷም የስዊድን ነው። እኔ ዲቪ ደርሶኝ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ላስ ቬጋስ የወረድኩ፣ ስትሪፕ በሚሉት የካዚኖ ጎዳና ላይ ካለ አንድ ሆቴል ደጃፍ ቆሜ የሰው መኪና ፓርክ የማደርግ ሰው ነኝ። የአሜሪካን ዜግነት ዛሬ አመለክታለሁ፣ ነገ አመለክታለሁ እያልኩ እስካሁን የኢትዮጵያን ፓስፖርት ይዣለሁ። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ጉድ ያፈላል።

ራሄል በዚህ ዓለም ላይ ያለቻት አንዲት ታናሽ እህት ናት። ማርታ ትባላለች፤ ቤልጂግ ውስጥ አንትወርፕ በምትባል ከተማ ትሠራለች። እናታቸው ሞታለች። ማርታ አረገዘች፤ የልጁ አባት ደግሞ «መጣሁ» ብሎ ከቤት እንደወጣ እስከ ዛሬ እየመጣ ነው።

«ማርታን ባዳ አያርሳትም» አለች ራሄል አንድ ቀን። «እዚያው ሄደን እንኑር። እኔም ሥራ አላጣም፤ አንተም መኪና የሌለበት አገር አይደለም የምትሄደው።»

ሕጉ ቀላል ነው። የአንዱ የአውሮፓ ኅብረት አገር ዜጋ ወደ ሌላው ሄዶ መኖርና መሥራት ይችላል፤ ባል ያላት ባሏን፣ ሚስት ያለው ሚስቱን ይዞ። ራሄል ስዊድናዊት ስለሆነች ቤልጂግ የመኖር መብት አላት፤ እኔም ባሏ ስለሆንኩ ከእሷ ጋር እገባለሁ። ሶፋ ላይ ቁጭ አድርጋ እንደ ልጅ አስረዳችኝ። «መብቱ የእኔ ነው። አንተ በእኔ በኩል ነው የምትገባው። ገባህ?» አለችኝ። «ገባኝ» አልኩ። ከተናገረችው ሁሉ ጆሮዬ ላይ የቀረው ግን «ትገባለህ» የሚለው ብቻ ነበር።

በማግስቱ ለካሳሁን ነገርኩት። ካሳሁን የታክሲ ሾፌር ጓደኛዬ ነው። ለእሱ ጠዋት የነገርከውን ነገር እስከ ምሳ ሰዓት ከኤርፖርት እስከ ጎረቤታችን ከተማ ሄንደርሰን ያለ ሐበሻ ሁሉ ይሰማዋል። «ራሄልን አውሮፓ ልወስዳት ነው» አልኩት። ልወስዳት! ምላሴን ምን ነካው? ደግሞ ስናገረው ደስ አለኝ። ቀላል ሰው አይደለሁም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ ደጋገምኩት፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ፣ ሆቴሉ ውስጥ፣ አንዴማ ጎማ ሊያስተካክል ለመጣ ሰው ሁሉ ነገርኩት።

ወሬው ጋሽ ወርቁ ዘንድ ደረሰ። ጋሽ ወርቁ ግሪን ቫሊ ሰፈር የሚኖሩ፣ ከብዙዎቻችን በፊት በሱዳን በኩል በስደት የመጡ፣ ሠርግም ሐዘንም ያለ እሳቸው የማይሆን ሽማግሌ ናቸው። አስጠሩኝና እጄን ያዙ።

«ልጄ፣ ወንድ ልጅ ቀድሞ ሄዶ ቤት ይይዛል፤ ከዚያ ነው ሚስቱን የሚወስድ። እኔም ዘነበችን ከሱዳን በረሃ ያወጣኋት እንዲሁ ነው።» ይህን የበረሃ ታሪክ የላስ ቬጋስ ሐበሻ በሙሉ በቃሉ ይወጣዋል። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች በሰሙት ቁጥር ብድግ ብለው ወጥ ያማስላሉ፤ እኔ ትሕትና ነበር የሚመስለኝ።

እቤት ገብቼ ራሄልን «ቀድሜ ልሂድ» አልኳት።

«የት?»

«ቤልጂግ ነዋ! ቤት ልያዝ፤ ከዚያ እወስድሻለሁ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ነግሬህ አልነበረም? ያለ እኔ እኮ…»

«በባልነቴ ያመለከትነው የቤልጂግ ቪዛ ተሰጥቶኝ የለ? ከተሰጠኝ ተሰጠኝ ነው። አብረን ብንሄድ ሰው ምን ይላል? ሚስቱ ጎትታ ወሰደችው አይልም?»

«ብወስድህስ?»

ድምፄን ከፍ አደረግኩ። መልስ ሲጠፋኝ እንዲያ ነኝ። ራሄልም ሥራዋን ለመልቀቅ የቀረቻት ጊዜ ስለነበረች፣ የማርታም መውለጃ ገና ስለሆነ፣ ሰለቸቻትና «እንደፈለግህ» አለች።

ሽኝቱ ጋሽ ወርቁ ቤት ሆነ። እናንተዬ፣ የላስ ቬጋስ ሐበሻ አውሮፓ ለሚሄድ ሰው የሚሰጠው ስጦታ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ካፖርት! ግማሹ ሰው ከሚኒሶታ ብርድ ሸሽቶ የመጣ ነው፤ ካፖርቱን ለመጣል ስስት፣ ለመልበስ ሙቀት ከልክሎት ጓዳው ውስጥ አንጠልጥሎ ዓመት የሚያሳልፍ። ሁሉም እኔ ላይ አራገፈው። ጋሽ ወርቁ ራሳቸው መጀመሪያ አሜሪካ ሲገቡ ለብሰውት የነበረውን ወፍራም ግራጫ ካፖርት አምጥተው በትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉና ረጅም ምርቃት መረቁኝ። «እንደ እኔ ሚስትህን ይዘህ ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ!» አሉ። እትዬ ዘነበች ደግሞ በእጃቸው ያዘጋጁትን የገብስ ዱቄት በከረጢት አድርገው ሰጡኝ። «ይሄ የማርታ ገንፎ ነው። እናት የላት፣ አንተ አደራ» አሉኝ፤ ስትወልድ ደውለው እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሏት ስልክ ቁጥሯንም ወሰዱ። አለቀስኩ። የመሪ ለቅሶ ነበር ያለቀስኩት፤ ቀስ ብዬ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ።

ኤርፖርት ያደረሰኝ ካሳሁን ነው። አቅፎ ሳመኝና ሄደ። እኔ ሻንጣዬን እየገፋሁ ወደ አየር መንገዱ ባንኮኒ ሄድኩ። አንዲት ጨዋ ሴት ፓስፖርቴን ተቀብላ ቪዛውን አየችው።

«የኅብረቱ ዜጋ ቤተሰብ ተብሎ የተሰጠ ነው። ባለቤትህ እዚያ እየጠበቀችህ ነው?»

አሁን እዚህ ላይ «አዎ» ብዬ ዝም ብል ምን እሆን ነበር? ምንም። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ኦቾሎኒዬን እበላ ነበር። እኔ ግን ደረቴን ነፋሁ።

«የለም! እሷ እዚሁ ላስ ቬጋስ ናት። እኔ ነኝ ቀድሜ ሄጄ የምወስዳት!»

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝ። ስልክ አንስታ ከአንድ ሰው ጋር ተነጋገረች፤ ሌላም ሰው መጣ። በመጨረሻ በትሕትና ነገረችኝ፤ መብቱ የባለቤቴ ነው፤ ወይ አብራኝ ትሄዳለች፣ ወይ እዚያ ሆና እከተላታለሁ፤ እሷ በሌለችበት ግን ከዚያኛው ኤርፖርት እንዳይመልሱኝ ስለሚሰጉ አያሳፍሩኝም። «ባለቤትህን ይዘህ ተመለስ» አለችኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ለእኔ ነው።

ከዚያስ? ከዚያማ የላስ ቬጋስ ኤርፖርት ነው! ተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋው ሐበሻ፣ ታክሲ የተሰለፈው ሐበሻ፣ ቡና የሚቀዳው ሐበሻ። ትናንት የመረቀኝ ሕዝብ ሁሉ በየማዕዘኑ ቆሟል። ሽንት ቤት ገብቼ በር ዘጋሁና ለራሄል ደወልኩላት። መጥታ እስክትወስደኝ ድረስ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ሰው በመጣ ቁጥር ሳልኩ። መኪናው ውስጥ ከኋላ ወንበር ላይ ተጋድሜ፣ ካፖርት ተከምሮብኝ፣ እንደ ሰረቀ ሰው ሎን ማውንቴን ከሚባለው ተራራ ሥር ያለው ቤታችን ገባሁ።

በማግስቱ ካሳሁን ደወለ። «ደረስክ?» አለኝ።

«ደረስኩ» አልኩት።

በቃ። አንዲት ቃል ናት። ስትወጣ ምንም አትመስልም።

ራሄል «አብረን እንሂድ፤ ትኬት እንግዛ» አለች። እኔ «እንዴ! አንቺ ስትሄጂ መላው ሐበሻ ሊሸኝሽ ኤርፖርት ይመጣል፤ እኔ በየት በኩል ልሳፈር?» አልኳት። «እንግዲያስ እኔ ቀድሜ ልሂድ፤ አንተ ተከተለኝ» አለች። «ተከትዬሽ? ሰው ምን ይላል?» «ሰው የት ያየናል? አንተ እኮ እዚያ ነህ ተብሏል!» አለችኝ። እውነቷን ነው። «እኔ ራሴ አውቀዋለኋ!» አልኳት። ደግሞስ እሷ ሄዳ እኔን ማን ሱቅ ይሄድልኛል? ይህን ግን ጮክ ብዬ አላልኩም። በመኪና ሎስ አንጀለስ ሄደን ከዚያ እንብረር አለች። ግሩም ሐሳብ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ሐሳብ አለመሆኑ ነው። «ትንሽ ይርሱኝ። ማርታ እንደሆነች ገና ናት» አልኩ። ራሄል ለእህቷ ሰበብ ፈልጋ ሰጠች፤ ምን እንዳለቻት አልጠየቅኳትም።

ሰው ግን የሚረሳኝ መስሏችኋል? ተሸኝቼ የለ! የሸኘ ሰው ይደውላል። «ብርዱ እንዴት ነው?» ይላል ሁሉም። «አይጣል ነው!» እላለሁ። ካሳሁን ብቻ ነው ያላመነኝ።

«ስልኬ ላይ ሳየው አንትወርፕ ዛሬ ደስ የሚል አየር ነው ይላል።»

«እሱ ለለመደው ነው።»

ጋሽ ወርቁ አንድ ከሰዓት በኋላ በቪዲዮ ደወሉ። ሮጬ የሳቸውን ካፖርት ለበስኩ፤ ሻርብ ጠመጠምኩ፤ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። መልካቸውን ሳይ ላቤ ጀርባዬ ላይ ይወርድ ጀመር።

«ካፖርቱ በልክህ ሆነ! ግን ልጄ፣ እናንተ ዘንድ አሁን እኩለ ሌሊት አይደለም እንዴ? ያቺ ፀሐይ ምንድናት?»

«ጋሽዬ፣ አውሮፓ በበጋ ፀሐይ አትጠልቅም።» ይህን ራሄል ስለ ስዊድን ስታወራ ነው የሰማሁት።

«ብርድ ነው አላልክም?»

«ብርድ ነው። ፀሐይም አለች።»

ዓይናቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ። «ያ ከኋላህ ያለው ተራራ ሎን ማውንቴንን ቁርጥ!»

«ተራራ ሁሉ ይመሳሰላል ጋሽዬ።»

ማታ ለራሄል ስነግራት ራሷን ያዘች። «አንትወርፕ እኮ ለጥ ያለ ሜዳ ነው!» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጋረጃ አይከፈትም።

ራሄል አኩርፋ ምግብ መሥራት ተወች። «ቤልጂግ ላለ ሰው እዚህ ምሳ አይሠራም» አለችኝና ኦቨርታይም ገባች። ፒዛ አዘዝኩ። በበሩ ቀዳዳ ሳይ ይዛ የመጣችው የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪት ናት! ድምፄን አወፍሬ፣ ፈረንጅ መስዬ፣ በእንግሊዝኛ «ደጁ ላይ አስቀምጪው!» ብዬ ጮኽኩ።

«እሺ ጋሼ» አለችኝ በአማርኛ።

ፒዛውን አነሣሁት። ዳግመኛ አላዘዝኩም። እና አንድ ቀን ራበኝ። ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ካፖርቶቹ ሥር የእትዬ ዘነበች ከረጢት ተቀምጣ ታየኛለች። አንድ እፍኝ ብቻ አልኩ። ማርታ አንድ እፍኝ ቢጎድልባት አታውቅም። ገንፎ አገነፋሁ፤ በቅቤ በበርበሬ። ጣፈጠኝ። በማግስቱ ሌላ እፍኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ያለው ሰው እኔን ሳያይ እንዴት እንዳወቀ እንጃ። ከረጢቷ ቀጭን እየሆነች፣ እኔ እየወፈርኩ ሄድኩ። ከቤት አልወጣ፣ ፀሐይ አላይ፣ መጋረጃ ተዘግቶ ገንፎ እበላለሁ።

አንድ ቀን ራሄል ሥራ ላይ ሆና ስልኳ የሠራተኛ ሣጥኗ ውስጥ ተቆልፎ ሳለ፣ እኔ አዲስ ገንፎ አውጥቼ ልበላ ስል፣ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ በቪዲዮ። እጄን በሱሪዬ ጠራርጌ ሮጥኩ። ካፖርት፣ ሻርብ። ማቀዝቀዣውን ተደግፌ ተቀመጥኩና ትንፋሼን ሰብስቤ አነሣሁት።

«ጋሽዬ! እንደምን ሰነበቱ! ኧረ ብርዱ…»

ከጀርባቸው የሚታየውን በር የማውቀው መሰለኝ። ቀለሙ የተላጠበት ቦታ እንኳ ሳይቀር የማውቀው በር ነው። ካሳሁን አጠገባቸው ቆሞ ከንፈሩን ነክሷል።

«በሩን ክፈተው» አሉኝ ጋሽ ወርቁ። ድምፃቸው አንዴ ከስልኩ፣ አንዴ ከደጁ መጣ።

«የ… የቱን በር?»

«ቤልጂግ እንዴት ቅርብ ነው ባካችሁ!» አለ ካሳሁን።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ላስ ቬጋስ ምድሩ ሲሚንቶ ነው። ካፖርቱን ሳላወልቅ ሄጄ ከፈትኩ። ጋሽ ወርቁ ገቡ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ ካፖርታቸውን አዩት፤ ላቤን አዩት። ከዚያ ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ገንፎ።»

«ማን ወለደ?»

ጋሽ ወርቁ ቀስ ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁና እንደ አራስ ጠያቂ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«እንኳን ማርያም ማረችህ» አሉኝ።

ካሳሁን ሳቁ አመለጠው። እኔም ሳቅ ብዬ ነገሩን ላቀልለው ሞከርኩ። ጋሽ ወርቁ ግን አልሳቁም።

«እውነተኛዋ አራስ ዛሬ ነው የወለደችው። ቀኗ ሳይደርስ» አሉ። «ዘነበች ደውላ ማን አለ ካጠገብሽ ብትላት፣ ማንም የለም አለች። የእህትሽ ባል የለም ወይ ብትላት፣ ማንም አልመጣም አለችና አለቀሰች። ዘነበችም አለቀሰች። እኔ እዚያ ያለህ መስሎኝ በየጸሎቱ ስምህን ስጠራ…»

ጋሽ ወርቁ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ያቺ ልጅ የሰው አገር፣ ብቻዋን፣ አንድ እንኳ እልል የሚልላት ሳይኖር ወልዳለች። ራሄል በማንኛውም ቀን አጠገቧ መሆን ትችል ነበር፤ ፓስፖርቷን ይዛ ብድግ ማለት ብቻ። እዚህ ያሰርኳት እኔ ነኝ። «ሚስቱ ወሰደችው» እንዳልባል ብዬ! እንዲያ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው ደግሞ አንድም አልነበረም፤ ብቻዬን ነበር ስለው የኖርኩት። አፈርኩ። ልብሴን ለብሼ እንደዚያ ያለ ዕርቃንነት ተሰምቶኝ አያውቅም። አንገቴን ደፍቼ ገንፎውን አየሁት። በርበሬው መሐሉ ላይ ቀልቷል።

ራሄል ስትመጣ ጋሽ ወርቁ ናቸው የነገሯት። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሰማች፤ ስልኳን አውጥታ ወደ ጓዳ ገባችና ከማርታ ጋር አወራች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል።

«ነገ እሄዳለሁ» አለችኝ። «አንተ እንደፈለግህ።»

ጋሽ ወርቁ አሉ፤ ካሳሁንም አለ። ካሳሁን ፊት የተነገረ ነገር ደግሞ አደባባይ የተነገረ ነው።

«ራሄል» አልኳት፣ «ውሰጂኝ።»

ካሳሁን ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላ ምንም አልሆነም። ጣሪያው አልወረደም።

በማግስቱ ኤርፖርት ሽኝት ነበር፤ አጭር። ሰዎች ራሄልን አቅፈው አለቀሱ፤ እኔን ጨበጡኝ። ያቺ ፒዛ ያመጣችልኝ ዘማሪትም ነበረች፤ «እንዴት ነው ብርዱ ጋሼ?» ብላኝ አለፈች። እትዬ ዘነበች አዲስ ዱቄት አዘጋጅተው መጥተዋል። ለእኔ አልሰጡኝም፤ ለራሄል ሰጡና «ቁልፍ ያለው ሻንጣ ውስጥ አድርጊው» አሏት።

የጋሽ ወርቁን ካፖርት አጣጥፌ ለመመለስ ዘረጋሁላቸው። «ይቅር ይበሉኝ ጋሽዬ። እርስዎ ቀድመው ሄደው ሚስትዎን የወሰዱትን ሰምቼ ነው እኮ እኔም…»

«ማን?» አሉ እትዬ ዘነበች። «ማን ነው ቀድሞ የሄደው?»

«ዘነበች፣ ልጆቹ ይረፍድባቸዋል» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«ወርቁ? እኔ ነርስ ስለነበርኩ ቀድመው አሜሪካ ሲወስዱኝ፣ እሱ ሱዳን ገዳሪፍ ተቀምጦ እያለቀሰ ደብዳቤ ይጽፍልኝ አልነበር? በእኔ ስም አይደል እንዴ የገባው! ያ ካፖርት ራሱ የእኔ ነበር፤ እዩት እስቲ አዘራሩን፣ በሴት በኩል አይደለም የሚቆለፈው?»

ሁላችንም ቁልፉን አየነው። ጋሽ ወርቁ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፤ ሰማይ ሰማይ አዩ። ወጥ የሚማሰልበት ምድጃ በአካባቢው አልነበረም። በመጨረሻ ካፖርቱን መልሰው እጄ ላይ ጫኑና «ያዘው ልጄ። አሁን ነው የሚበርድህ» አሉኝ።

ባንኮኒው ላይ ያቺው ጨዋ ሴት ናት። አወቀችኝ አላወቀችኝም አላውቅም። ራሄል ፊት ቆመች፤ እኔ ከኋላዋ ሻንጣ ይዤ።

«አብራችሁ ናችሁ?» አለች ሴትየዋ።

«አዎ፣ ከእሷ ጋር ነኝ። እሷ ናት የምትወስደኝ» አልኩ፤ ትንሽ ጮክ ሳልል አልቀረሁም። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ፓስፖርቱን መለሰችና «ቀጣይ» አለች።

አንትወርፕ ስንደርስ ካፖርት የሚያስለብስ ምንም ነገር አልነበረም። ማርታ በሩን የከፈተችው ሕፃኗን ደረቷ ላይ ይዛ ነው። ፊቷ ገርጥቷል፤ ፀጉሯን በሻሽ አስራለች። ራሄል ላይ ወድቃ እስኪወጣላት አለቀሰች፤ ራሄልም እንዲሁ። እኔ ሻንጣዎቹ መሐል ቆሜ ጫማዬን አየሁ። ስትረጋጋ ወደ እኔ ዞረች። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን እጄን ያዘችኝ።

«ዳንክልኝ?» አለችኝ። «ራሄል ‹በጠና ታሟል፣ ጥዬው አልመጣም› ስትለኝ እንዴት ደነገጥኩ መሰለህ! ምጡ ሲይዘኝ እንኳ ለእኔ ሳይሆን ለአንተ ነው የለመንኩት። ምንህን ነበር ያመመህ?»

ራሄል አየችኝ። ልትነግራት ትችል ነበር፤ ለእኔ ተወችው።

አፌን ከፈትኩ። ይህን የማይዘጋ አፌን። አንድም ቃል አልወጣልህ አለኝ።

«ማድቤቱ የት ነው?» አልኩ።

ገብቼ ውኃ ጣድኩ። ዱቄቱን አፈሰስኩ። አማሰልኩት። ለራሴ ሳገነፋ እንዴት እንዳማረልኝ ነግሬአችኋለሁ፤ ይሄኛው ጓጎለ። እንደ ጠጠር ጓጎለ። ከነጉጉሉ ሳህን ላይ አወጣሁት፤ ቅቤና በርበሬ አድርጌ አልጋዋ ድረስ ወሰድኩላት።

ማርታ አንድ ማንኪያ ቀመሰች። አየችኝ። ከዚያ «እጅህ ይባረክ» ብላ፣ ጉጉሉን ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀር በላችው።